ሳትቆጥሪ አትፈርሚ

ሚጣዬ፣

ስደውልልሽ «ደህና ነኝ አባ፣ ደህና ነኝ» ብለሽ ስለምትዘጊው ይኸው ጻፍኩልሽ። ወንድምሽ ነግሮኛል። አትቆጪው፤ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም ብሎ ጨንቆት ነው።

የሰማሁት እንዲህ ነው። የአውሮፕላን ጥገናው የሌሊት ፈረቃ ሊያልቅ ሲል የመሣሪያ ወረቀቱ ላይ «ሁሉም ተመልሷል» ብለሽ ፈረምሽ። አልቆጠርሽም። በኋላ አብራሽ የምትሠራው አንቲሽ የመሣሪያ ሰሌዳውን ስታየው የአንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ ቦታ ባዶ ነው። አውሮፕላኑ ቆመ። አራት ሰዓት ሙሉ ተፈለገ። ባትሪዋ የተገኘችው ከአንዱ ልጅ ሎከር፣ ከቱታው ኪስ ውስጥ ነው። አሁን ደግሞ ሥራውን ልልቀቅ ትያለሽ አሉ።

መጀመሪያ ብዪ። ወንድምሽ ያመጣልሽ ሽሮ አለ አይደል? አንድ ማንኪያ ይበቃል፣ አታወፍሪው። ከዚያ ቀጥዪ።

ሳትቆጥሪ አትፈርሚ። ይህን ለመቶኛ ጊዜ ብነግርሽም አይሰለቸኝም። ያ የአውስትራሊያው አየር መንገድ፣ የቃንታስ ኤ380 አውሮፕላን ወሬ ትዝ ይልሻል? እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ሎስ አንጀለስ ላይ ሞተሩ ውስጥ 1.25 ሜትር የሚሆን የናይለን መሣሪያ ተረስቶ 34 ጊዜ በረረ። ወደ 300 ሰዓት መሆኑ ነው። ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ፤ «አባ፣ ከእኔ ቁመት ትንሽ ነው የሚያንሰው» ብለሽ ስቀሽ ነበር።

ለምን እንደፈረምሽ አውቃለሁ። ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርስ አብረሽን ብዪ ብለውሻል። «ፈርሚና እንሂድ» አሉሽ። በዚያ ሃንጋር፣ በአውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ፣ ከአንቲሽና ከአንቺ በቀር ሴት የለም፤ ጥቁርም የለም። ሰው እንዲወድሽ ፈለግሽ። በዚህ አልፈርድብሽም።

አንቲሽን ለቤተሰብ ክፍት ባደረጉት ቀን አግኝቻታለሁ። እኛ እትዬ እንደምንለው አቦርጅናሎቹም፣ የአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝቦች፣ ትልቅ ሰውን አንቲ፣ አንክል እያሉ እንደሚጠሩ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ዊራጁሪ ከሚባለው ሕዝባቸው ናት፤ ዋጋ ዋጋ ከተማ፣ መረምቢጂ ወንዝ ዳር ነው ያደገችው። እዚያው አጠገብ አየር ኃይሉ ቴክኒሻኖቹን የሚያሠለጥንበት ሰፈር አለ። ልጅ ሆና አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ አውሮፕላን ስታይ ያባርሯት ነበር፤ በኋላ በበሩ ገባች። መጀመሪያ የተቀጠረችበት ቦታ የሴት መጸዳጃ ቤት ሌላ ሕንፃ ውስጥ ስለነበር፣ ሄዳ እስክትመለስ አለቃዋ ሰዓቱን እያየ ይጠብቃት ነበር። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ዛሬ እንኳ በዕረፍቷ ቀን አቦርጅናል ልጆች ወዳሉበት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ንግግር አታበዛም። የአሉሚኒየም ቁራጭና የሪቬት፣ የብረት ማያያዣው ሚስማር፣ መምቻ ይዛ ትሄድና ልጃገረዶቹ ራሳቸው እንዲመቱ ታደርጋለች። አንቺም አብረሻት ሄደሽ የላክሽልን ቁራጭ የኩሽናው መስኮት ላይ አለ። አንዱ ሪቬት ጠማማ ነው። እናትሽ በየቀኑ ትወለውለዋለች።

አሥረኛ ክፍል ሳለሽ የዚያችን የታራዋል አቦርጅናል ልጅ፣ የሬኔ ዉተንን ፎቶ ግድግዳሽ ላይ የለጠፍሽ ቀን ትዝ ይለኛል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ ተምራ ቃንታስ የገባችው። «እንደሷ እሆናለሁ» ስትዪኝ «ነርሲንግ ይሻልሻል» አልኩሽ። ነርሲንግ ጠልቼ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ምን እንደፈራሁ ዛሬ ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ የምታውቀው እናትሽ ብቻ ናት።

በ1988 ክረምት አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። አንድ ማታ የደሴ አውቶብስ ለንጋት ጉዞ ይዘጋጃል። አለቃዬ የፍሬን ምርመራውን ወረቀት ዘርግቶ «አንተማ ጎበዝ ልጅ ነህ፣ ፈርም» አለኝ። ፍሬኑን አላየሁትም። ጎበዝ መባሉ ጣፈጠኝና ፈረምኩ። በማግስቱ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። ሾፌሩ ገደሉን ሸሽቶ ከተራራው ጋር አላተመው። ሰው አልሞተም። ረዳቱ ግን ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ዕድሜው 19 ነበር። ጠዋት ጠዋት «ጋሼ ሻይ ላምጣ?» የሚለኝ ልጅ ነው።

ማንም አልጠየቀኝም። ወረቀቱ ጠፋ ተባለ። እኔም ዝም አልኩ። ብርቱካን ገዝቼ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ። ብርቱካኑን ታክሲ ውስጥ ትቼው ወረድኩ።

ትንሽ ልጅ ሳለሽ «አባ፣ መካኒክ ከነበርክ ለምን ታክሲ ትነዳለህ?» ብለሽኝ «የምስክር ወረቀቴን እዚህ አልተቀበሉትም» አልኩሽ። ውሸት ነው። አላሳየኋቸውም።

አንቺ ግን በማግስቱ ራስሽ ሄደሽ «አልቆጠርኩም» ብለሻታል አሉ። ወንድምሽ ይህን ሲነግረኝ ፉትስክሬይ ገበያ መሃል መኪናዬን አቁሜ ነበር፤ ከኋላዬ ጥሩምባ ሲነፉ እንኳ አልሰማሁም። እሷስ ምን አደረገች? ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ አስቆጠረችሽ፣ ሻይ ገዛችልሽ፣ ሰኞ እንዳትቀሪ አለች። ታዲያ የሚያስለቅቅሽ ማነው?

ሳትቆጥሪ አትፈርሚ። ቢቸኩሉም፣ ቢስቁብሽም፣ ቁርሱ ቢቀርብሽም።

ፖስታው ውስጥ 50 ዶላር አለ። ለምግብ ነው፤ ከማጥፋትሽ በፊት ግን ብሩ ላይ ያለውን ሰውዬ እዪው። ዴቪድ ኡናይፖን ይባላል፣ የንጋሪንጄሪ አቦርጅናል ሰው። እ.ኤ.አ. በ1909 የበግ ጠጉር መሸለቻ መቀስ አሻሻለ። በ1914 ደግሞ ከቡመራንግ፣ ተወርውሮ እየተሽከረከረ ከሚበረው ጠማማ እንጨት፣ አበራረር ተነስቶ ስለ ሄሊኮፕተር ያስብ ነበር። የፈጠራዎቹን ፓተንት፣ የባለቤትነት መብቱን፣ ግን ገንዘብ አጥሮት አልጨረሰውም። የሞተው በፌብሩዋሪ 1967 ነው። ሕገ መንግሥቱ የእሱን ሕዝብ ከሕዝብ ቁጥር ውጭ ያደረገበት አንቀጽ የተሻረው በዚያው ዓመት ሜይ ወር በሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ከመቶ ዘጠናው ይሻር ብሎ። ሦስት ወር ተኩል ያህል ሲቀረው መሆኑ ነው። አንቲሽ «እናቴን ሳይቆጥሯት ነው የተወለደችው፣ ስለዚህ እኔ ሁሉን እቆጥራለሁ» ብላ ስትቀልድ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

የመኪናሽን ዘይት ቀይሪ። ለሌሊት ፈረቃ እናትሽ የሠራችልሽን ሹራብ ከቱታው ሥር ልበሺ፤ ብሪዝበን አይበርድም አትበዪኝ። ሰኞ ከመግባትሽ በፊት ደውዪ፤ ስትወጪም ደውዪ፣ ስንት መሣሪያ እንደቆጠርሽ ትነግሪኛለሽ።

አንቲሽን ሰላም በይልኝ። ያን ቀን «ከየት ነህ?» አላለችኝም፤ ስንት ዓመት ሙሉ የሚጠይቁኝን ማለቴ ነው። «ወንዛችሁ ማን ይባላል?» ነው ያለችኝ። ደነገጥኩና ስሙ ጠፋብኝ። ቦርከና ነው በያት።

አባትሽ