የጉልበት ኮረንቲ ሕክምናችን ለምን እንደተቀየረ
ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለጉልበት አርትራይተስ (ለመገጣጠሚያ ሕመም) ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፓድ ኮረንቲ ብቻ የሚሰጥበትን ቀጠሮ አቁመን በእሱ ፋንታ ባለሙያ አጠገባችሁ ሆኖ እንቅስቃሴ የሚያሠራበትን መስጠታችንን፣ መሣሪያውንም ያለ ምርመራ ለቤት ማከራየት መተዋችንን በር ላይ ከለጠፍን ወዲህ ብዙ ሰምተናል። አንዳንዱ በስልክ ነው፣ አንዳንዱ በሰው በኩል። ከሁሉ የከበዱኝ ግን ምንም ሳይሉ የቀሩት ናቸው። ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይጸናል፤ ምክንያቱን ከእኔ ከራሴ ልትሰሙት ስለሚገባ ይህን ጻፍሁ።

«ገንዘብ ፈልገው ነው» ያላችሁትን ላስቀድም፤ ያመመኝ እሱ ነው። ሒሳቡን እናንተው አስቡት። ኮረንቲ ብቻ ሲሆን አንድ ባለሙያ አራት ሰው በአራት አልጋ አስተኝቶ፣ ፓዱን ለጥፎ፣ ሰዓቱን ሞልቶ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። እንቅስቃሴ የሚያሠራው ግን ከአንድ ሰው አጠገብ ሳይነቃነቅ ጉልበቱ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ዳሌው ወዴት እንደሚያጋድል ሲያይ ይቆያል። ትርፍ ቢሆን ኖሮ ዓላማችን የምንተወው ይህንን ሁለተኛውን ነበር። የአዲሱ ቀጠሮ ዋጋ ከፍ ያለው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ኪራዩም ባትሪውም ተወዷል። ፓዱም ሙጫው ሲደርቅ መጣል አለበት፤ ጠርዙ የተነሣ ፓድ ኮረንቲውን በጠባብ ቦታ ሰብስቦ ቆዳ ይለበልባል። ደረቅ ፓድ በውኃ አርሶ መለጠፍ የሚያዋጣ ነገር ነው፤ እኛ ግን አላደረግነውም፣ አናደርገውምም።

«ለእኔ ሠርቶልኛል» የምትሉት ደግሞ እውነታችሁን ነው። ቴንስ የሚባለው ይህ የኮረንቲ ሕክምና ባዶ ነገር አይደለም። የሕመምን ነገር ያጠኑት ሊቃውንት ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዱት፣ ሕመምን የሚሸከሙት ቀጫጭን ነርቮች መልእክታቸውን በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ሲልኩ፣ ንክኪን የሚሸከሙት ወፋፍራም ነርቮች ከተነቃቁ መንገዱን ያጠቡባቸዋል። ጉልበታችሁ ከጠረጴዛ ጋር ሲጋጭ ወዲያው የምታሹት ሳታውቁት በዚሁ መንገድ ስለሚቀልላችሁ ነው። ሐሳቡ እንኳ አዲስ አይደለም፤ በአንደኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የሮማ ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ የሪህ በሽተኛው እግሩ እስከ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ድረስ ኮረንቲ በምትረጭ ዓሣ ላይ እንዲቆም ያዝዝ ነበር። የእኛ ፓድ ከዓሣዋ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን በመሣሪያው የሚገኘው እፎይታ በአብዛኛው መሣሪያው እየሠራ ሳለና ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚቆይ ነው። በአንድ ዓይነት ምት በየቀኑ ሲደጋገም ሰውነት ሊለምደው ይችላል፤ «ድሮ ይሻለኝ ነበር፣ አሁን ጨምሩልኝ» የምትሉን ያለ ምክንያት አይደለም። ያለቀውን ካርቲሌጅ፣ ማለትም በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለውን ለስላሳ ሽፋን፣ አይመልስም፤ የቀጠነውንም የጭን ጡንቻ አያወፍርም። ሌላም ነገር አለ። የጉልበት አርትራይተስ አንድ ሰሞን ይብሳል፣ አንድ ሰሞን ይለዝባል። ሰው ደግሞ ወደ እኛ የሚመጣው በባሰበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ በራሱ ሲለዝብ ምስጋናው ለመሣሪያው ይሆናል። ያን ምስጋና ስንቀበል ኖረናል፤ ደስ ይላልና።

ጥናቱም የሚናገረው ለእኛ ገበያ የሚመች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 224 የጉልበት ሕመምተኞችን በሦስት ከፍሎ፣ ለአንዱ እንቅስቃሴና ቴንስ፣ ለሁለተኛው እንቅስቃሴና የሚሠራ የሚመስል ግን የማይሠራ መሣሪያ፣ ለሦስተኛው እንቅስቃሴ ብቻ ሰጠ። ሦስቱም ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልተገኘም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ (የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ማኅበር) እ.ኤ.አ. በ2019 ቴንስ ለጉልበት አርትራይተስ እንዳይሰጥ አጥብቆ መክሯል፤ የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ናይስም እ.ኤ.አ. በ2022 በቂ ማስረጃ የለም ብሎ እንዳይሰጥ መክሯል። ሁለቱም አጥብቀው የሚመክሩት እንቅስቃሴንና፣ ክብደት ለበዛበት ሰው፣ ክብደት መቀነስን ነው። የቀነሰ አንድ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሣል።

«ታዲያ ለምን ጭራሹን አልጣላችሁትም?» ያለኝ ሰው አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕመሙ ወንበር ላይ የቸነከረው ሰው አለ፤ ተነሥቶ የመጀመሪያዎቹን እንቅስቃሴዎች እንዲሞክር ፓዱን ለጥፈን እናስጀምረዋለን። በትክክል ከተያዘ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ከዚህ በላይ ተስፋ አልሰጥበትም።

የኪራዩን ነገር በተመለከተ፣ ቤት የሄደ መሣሪያ በአንድ ጉልበት ላይ አይቀርም። ጎረቤት ይዋሰዋል፣ አክስት ትሞክረዋለች። ደረቱ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው ቢያስረው አደጋ ነው። በአንገት ፊት ለፊት አይለጠፍም፤ ደም የረጋበት እግር ላይ፣ የነፍሰ ጡር ሆድ ላይ፣ የቆሰለ ወይም የደነዘዘ ቆዳ ላይም እንዲሁ። በስኳር ሕመም እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲቃጠል እንኳ አይሰማውም። ይህን ሳይጠይቁ ሣጥኑን በእጃችሁ አስይዞ መሸኘት ለእኔ ቀላል ገቢ ነበር።

ይህ ድርጅት የተጀመረው በአንድ አልጋና በአንድ የኮረንቲ መሣሪያ ነው። ያ መሣሪያ ኪራያችንን ከፍሏል፣ ሠራተኞቻችንን አሳድሯል። ከእናንተም አንዳንዶቻችሁ ደረጃውን ሁለት ጊዜ እያረፋችሁ ስትወጡ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የምትመጡ ናችሁ፤ ልጆቻችሁን አውቃለሁ። በክፉ ጊዜም አልተዋችሁንም። እንዲህ ያለ ሰው «ከፍለህ ተኛ» ተብሎ ዘመኑን ሙሉ ሲመላለስ ዝም ብሎ ማየት ከበደኝ። ይህን በክፋት የተረጎማችሁብኝ ካላችሁ ቅር ብሎኛል፤ ቂም ግን አልያዝሁም።

ቀድማችሁ የከፈላችሁባቸው የኮረንቲ ቀጠሮዎች ካሉ በቀድሞው መንገድ ልትጨርሷቸው ትችላላችሁ፤ ካልፈለጋችሁም የቀረው ገንዘብ ይመለስላችኋል። መሣሪያችን ቤታችሁ ያለ፣ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ፤ በዚያው ጉልበታችሁን ያለ ክፍያ እናይላችኋለን። ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድ የወሰናችሁም የሕክምና ማስታወሻችሁን ጠይቁን፣ እንሰጣችኋለን። እዚያ ፓዱን ከመለጠፋቸው በፊት ስለ ልባችሁና ስለ ቆዳችሁ ካልጠየቋችሁ ግን እናንተው ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት