እንቁራሪት የበጀት ዓመት አታውቅም፦ ለምርምር በጀት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የምርምር በጀት ለምታጸድቁና ለምትለቁ ኃላፊዎች

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ አንድ የባዮሎጂ ፊልድ ስቴሽን (የመስክ ጥናት ጣቢያ) ላይ ቴሲሴን የምሰራ ተማሪ ነኝ። በጀት ጨምሩልን ልል አይደለም የመጣሁት፣ ቢጨመር ማን ይጠላል፣ ግን የኔ ጥያቄ ከዛ ያነሰ ነው፦ ያጸደቃችሁትን ገንዘብ ወቅቱ ሳያልፍ ልቀቁልን።

ምን መሰላችሁ፣ የማጠናው እንቁራሪት ነው። ብዙ የእንቁራሪት ዝርያዎች የሚባዙት የመጀመሪያው ደህና ዝናብ እንደጣለ ነው፣ ወንዶቹ ኩሬ ዳር ተሰብስበው ሴቶቹን ይጠራሉ፣ አንዳንዱ ዝርያ ጥቂት ሌሊት ጮሆ ዝም ይላል፣ ከዛ በኋላ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ብትፈልገው አታገኘውም። ስለዚህ የድምፅ መቅጃው ዝናቡ ሳይመጣ መሰቀል አለበት፣ ባትሪው መሙላት አለበት፣ መኪናውም ነዳጅ ሊኖረው ይገባል። እኛ ጋ የሆነው ግን፣ ፕሮፖዛሉ ጸደቀ፣ ማህተም ተመታበት፣ ከዛ ለባትሪና ለሚሞሪ ካርድ ሶስት ፕሮፎርማ ይምጣ ተባለ፣ መጣ፣ አንዱ ቀኑ አልፎበታል ተብሎ ተመለሰ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ፣ ገንዘቡ ሲለቀቅ ኩሬው ውስጥ የቀሩት ገና እግር ያላወጡ ልጆቻቸው ብቻ ነበሩ። ይባስ ብሎ ጥቂት ቆይቶ በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ስለሆነ ቶሎ ተጠቀሙና ደረሰኝ አምጡ የሚል ደብዳቤ ደረሰን። በደረቅ ወቅት ምኑን ልቅዳ?

የፋይናንስ ሰው ቢሰማኝ "ታዲያ በሚቀጥለው ዓመት ትሰራዋለህ" ይለኛል። ላብ ውስጥ ቢሆን እሺ፣ ያው ሙከራ ይደገማል። ፊልድ ላይ ግን ያለፈው ዓመት አይደገምም። ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ካሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች አንዷ ዳፍኒ ሜጀር የምትባል ትንሽዬ ደሴት አለች፣ ፒተር እና ሮዝሜሪ ግራንት የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ እዛ ወፎች እየያዙ እግራቸው ላይ ቀለበት እያሰሩ ምንቃራቸውን ይለኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ደሴቷን ከባድ ድርቅ መታት። ትንንሹና ለስላሳው ፍሬ አለቀ፣ የቀረው ትልቁና ጠንካራው ነው፣ አብዛኞቹ ወፎች ሞቱ፣ የተረፉት በአማካይ ምንቃራቸው ተለቅ ያሉት ሆነው ተገኙ፣ ልጆቻቸውም ያንኑ ወረሱ። የተፈጥሮ ምርጫ ሰው በህይወት እያለ ሲካሄድ ታየ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ግን የታወቀው ወፎቹ ድርቁ ሳይመጣ ስለተለኩ ነው። ድርቁ ከገባ በኋላ ነው ፕሮፖዛል የሚጻፈው ቢባል ኖሮ የሞቱትን ማን ይለካቸው ነበር?

ደሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ የመስክ አበልን እንደ ሽርሽር የሚያይ ሰው እናንተም ጋ አይጠፋም። ወፍ የምታጠናው ጓደኛችን ጎህ ሳይቀድ መረብ ዘርግታ በየ20 እና 30 ደቂቃው እየተመላለሰች ታያለች፣ መረብ ውስጥ የቆየ ወፍ ብርዱ ወይ ፀሐዩ ሊገድለው ስለሚችል ቁጭ ብላ ሻይ መጠጣት የለም፣ የያዘችውን በጨርቅ ከረጢት አድርጋ ትመዝናለች፣ ክንፉን ለክታ ቀለበት አስራ ትለቀዋለች። ጥንዚዛ የሚሰበስበው ልጅ ደግሞ ማታ ማታ ጠርሙስ ውስጥ የሚከታትን ወረቀት በእርሳስ ሲጽፍ ነው የሚያመሸው፣ በእስክሪብቶ የተጻፈውን አልኮሉ ያጥበዋላ! ቦታውና ቀኑ ከጠፋ ደግሞ ጥንዚዛው ለምንም አይሆንም። ግን እውነቱን ለመናገር እንቁራሪቶቼ ምን እንደሚበሉ ያስረዳኝ እሱ ነው፣ አድቫይዘሬ አይደለም፣ እራት ላይ ሳምፕሌን አይቶ። ይሄ ዓይነቱ ነገር ኮርስ ውስጥ የለም፣ የሚገኘው የተለያየ ነገር የሚያጠኑ ሰዎች አንድ ጣራ ስር ሲያድሩ ነው።

ወደ ቴክኒሽያናችን ልምጣ። በየቀኑ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት የዝናብ መለኪያውን አንብቦ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው እሱ ነው፣ የትኛው ኩሬ ቀድሞ እንደሚደርቅም ከማናችንም በላይ ያውቃል። ኮንትራቱ ግን በየዓመቱ ነው የሚታደሰው፣ እድሳቱ ሲዘገይ መዝገቡ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። እኔ ያንን ባዶ ሳየው ዝናብ አልነበረም ወይስ የሚያነብ ሰው አልነበረም? ዜሮ እና ባዶ እኮ አንድ አይደሉም። አሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ሃባርድ ብሩክ የሚባል ደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1963 የዝናቡንና የጅረቱን ውሃ እየሰበሰቡ መመርመር ሲጀምሩ ዝናቡ አሲዳማ ሆኖ ተገኘ፣ ሆኖም የአንድ ዓመት ልኬት ማንንም አያሳምንም፣ ዝናብ በራሱ ዓመት ከዓመት ይለያያል። ሳይቋረጥ ለዓመታት የተጠራቀመው ልኬት ነው ስለ አሲድ ዝናብ ለተነሳው ክርክር ጉልበት የሆነው፣ በ1990 የአገሪቱ የንጹህ አየር ህግ ሲሻሻልም አሲድ ዝናብ የራሱን ክፍል አገኘ። አንድ ባለስልጣን መሃል ላይ "ለውሃ መቅጃ በጀት የለም" ብሎ ሁለት ሶስት ዓመት ቢዘልለው ምን ይሆን እንደነበር እናንተው ገምቱት።

እና ምን ይደረግ? ወቅት ላይ ለተንጠለጠለ ስራ ገንዘቡ አስቀድሞ ይለቀቅና ሂሳቡ በኋላ በደረሰኝ ይወራረድ። ባትሪ፣ አልኮል፣ ነዳጅ የመሳሰለውን ጣቢያው ራሱ በእጁ ካለ ትንሽ ተቀማጭ ይግዛ፣ ለባትሪ ሶስት ፕሮፎርማ አረ ይቅር። የቴክኒሽያኑ ኮንትራት ቢያንስ ለተወሰኑ ዓመታት አንዴ ይፈረም። ሬዲዮም ያስፈልገናል፣ ስልክ በማይሰራበት ቦታ ሌሊት ኩሬ ዳር የሚሰራ ተማሪ ቢወድቅ የሚጠራበት ነገር ሊኖረው ይገባል፣ ይሄኛው እንኳን ክርክር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ይሄ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል ካላችሁ የማመልከቻ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጨምሩልኝ፦ "ስራው የግድ መጀመር ያለበት መቼ ነው?" የሚል። አሁን ያለው ቅጽ የሚጠይቀው ስራው መቼ እንደሚያልቅ ብቻ ነው፣ ገንዘብ የሚለቅ ሰው ዝናቡ መቼ እንደሚገባ በምን ይወቀው። መልሳችሁን ለጣቢያው አስተባባሪ ብትልኩት ይደርሰናል።

ከአክብሮት ጋር
የጣቢያው ተማሪ