ስለ መታወቂያዎ ኮፒ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ?

መታወቂያዎን ኮፒ ሲያስደርጉ ይጠንቀቁ ብልዎ በስልክ «እኔ ሽማግሌው ምን የምደብቀው አለኝ?» ስላሉኝ ነው የምጽፍልዎ። ሰፈሩም ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው። አባባ፣ ሌባ ገመና አይፈልግም፤ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቀንና ስልክ ቁጥር ይበቃዋል። እነዚህን ይዞ «ከባንክ ነው» ብሎ ሲደውል ማን ይጠረጥረዋል?

መረጃው ደግሞ ሳይታወቅ ተረስቶ ከሚቀርባቸው ቦታዎች አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ፒያሳ ሄደው የፋይዳ መታወቂያዎን በቴሌግራም ሲልኩለት አታሚው ልጅ ኮምፒዩተሩ ላይ አውርዶ ያትመዋል። ፋይሉ «ዳውንሎድስ» ውስጥ፣ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። እርስዎ ከስልክዎ ቢያጠፉትም እዚያ ያለው አይነካም። ስለዚህ ሒሳብ ሳይከፍሉ «እስቲ አጥፋልኝ» ይበሉት፤ የጠፋ ፋይል የሚጠራቀምበትን «ሪሳይክል ቢን»ም ያስጠርጉት። ከዚያ በስልክዎ መልእክቱን ጫን አድርገው ይያዙና ሲያጠፉ ከእሱም ዘንድ እንዲጠፋ ምልክት ያድርጉበት። ልጁ አይቀየምዎትም፣ አንድ ደቂቃም አይፈጅ።

ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ ለምን እንደሆነ፣ ለምሳሌ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብለው ከነቀኑ በሰያፍ ይጻፉበት፤ ፎቶውና ቁጥሩ ግን እንዳይሸፈን። ባዶ ኮፒ ለማንኛውም ጉዳይ ይቀርባል፣ የተጻፈበት ግን ያስጠይቃል።

አጥብቄ የምለምንዎ በኤስኤምኤስ ስለሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ያን ያገኘ ሰው በእርስዎ ስም ገባ ማለት ነው። አታሚም ይሁን ደዋይ «የመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ» ካለ አይንገሩት፤ ማስገባት ካስፈለገ በገዛ እጅዎ ያስገቡ። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርዎንም እንዲሁ። አምልጦዎት ከተናገሩ ሳይውሉ ሳያድሩ በ*127# ይቀይሩትና ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለው ያሳውቁ።

መጠየቅ ነውር እንዳይመስልዎት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃዎ ለምን እንደተፈለገ የማወቅና እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ሰጥቶዎታል፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሕንፃ ጥበቃው መዝገብ ላይ ስልክዎን ጻፉ ሲልዎት እንኳ «ለምንድን ነው?» ይበሉ፤ ከኋላዎ የተሰለፈው ሁሉ ያነበዋል።

አንድ ነገር ቀረ። ባንክ ያስመዘገቡት የድሮው ስልክዎ ከሆነ ያስቀይሩት። ብዙ ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ የባንክዎ መልእክትም ያኔ ለእሱ ይደርሳል። ጡረታ ሊያወጡ ሲሄዱ መታወቂያና ደብተርዎን ይዘው በዚያው ይጨርሱት።

አክባሪ ልጅዎ