ለቀድሞ ወታደሮች የግብርና ሥልጠና የሚመደበው ገንዘብ ከመሬቱ ይጀምር

ክቡር አዘጋጅ፣

የቀድሞ የሠራዊት አባላትን በግብርና ለማሠልጠን የሚመደበው የእርዳታ ገንዘብ በተነሣ ቁጥር የሚነገረን የሠልጣኞቹ ብዛት ነው። ሥልጠናውን ከጨረሱት መካከል ዓመት ቆይቶ እርሻ ላይ የተገኘው ስንቱ እንደሆነ ግን ሲነገር አልሰማሁም። ዕድሜዬን በግብርና ኤክስቴንሽን ሥራ ያሳለፍሁ ጡረተኛ ነኝ፤ የምኖረውም ቡራዩ በመሆኑ የአዲስ አበባ ዳርቻ ምን እንደሚመስል በየቀኑ አያለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ ለአዳራሽ ኪራይና ለአበል መከፈል ከመጀመሩ በፊት ሠልጣኙ የሚሠራበት መሬት በጽሑፍ ውል ይታወቅ።

ጉዳዩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው የደርግ ሠራዊት ሲበተን ወደ ትውልድ ቀየው የተመለሰው ገበሬ ወታደር የእርሻ መሬት የማግኘት ዕድል ነበረው፤ ከተማ የቀረው ምን ያህል እንደተቸገረ ግን የዚያን ዘመን አዲስ አበባን የሚያስታውስ ሁሉ ያውቀዋል። ከኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በኋላም በዓለም ባንክ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብድር ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮችን የማሰናበትና የማቋቋም ሥራ ተሠርቷል። አሁን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ኃላፊነት ተሸክሟል። በጡረታ የተሰናበተ ወታደርና ትጥቅ የፈታ ተዋጊ በሕግ ዓይን አንድ እንዳልሆኑ አላጣሁትም፤ እርሻ ላይ ሲደርሱ ግን የሚገጥማቸው ችግር አንድ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የእርሻ ሕግ ለጀማሪ ገበሬዎች ሥልጠና ከሚመደበው ገንዘብ ቢያንስ 5 በመቶው ለቀድሞ ወታደሮች እንዲውል ደንግጓል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ሌላ የድጋፍ መርሐ ግብር ተጨምሯል። ገንዘቡ ለግለሰቡ በእጁ የሚሰጥ ሳይሆን ሥልጠናውን ለሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ወይም በጎ አድራጎት ድርጅት የሚከፈል ሲሆን፣ በመርሐ ግብሩ ዋና ቦታ የተሰጠው ማሳ ላይ ለሚደረግ ልምምድ ነው። ይህን መውሰድ ይቻላል። እንዳለ መገልበጥ ግን አያዋጣም፤ ምክንያቱም እዚያ የሠለጠነ ሰው አቅሙ ከፈቀደ መሬት ይገዛል፣ በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት ግን መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። በእኛ አገር መሬቱን የያዘው አካል ከመጀመሪያው የውሉ ተዋዋይ ካልሆነ ሥልጠናው ሥር አይሰድም።

ከጎረቤቶቼ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ፣ እንዲህ ካለው ሥልጠና የተመለሱት የምስክር ወረቀትና የ45 ቀን ጫጩቶች ይዘው ነበር። ጫጩት በዚያ ዕድሜው ከባዱን ጊዜ አልፏል፤ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ግን አምስት ወር ገደማ ሲሞላው ነው። በመካከል ያሉት ሦስት ወራት ተኩል ምንም ገቢ ሳይኖር መኖ ብቻ የሚበላባቸው ናቸው፤ በዶሮ እርባታ ደግሞ ከጠቅላላ ወጪው ከግማሽ በላይ የሚወስደው መኖ መሆኑን ማንኛውም አርቢ ይነግርዎታል። የእርዳታው በጀት ጫጩቱንና የአሠልጣኙን አበል እንጂ መኖውን አያውቀውም ነበር። ሃምሳ አለቃው መጀመሪያ ከጡረታቸው እየቀነሱ መገቡ፣ ቀጥሎ መኖውን በፉርሽካ ብቻ ተኩት፣ በመጨረሻም ዶሮዎቹን ለበዓል ገበያ አውጥተው ሸጡ። በሪፖርቱ ላይ አሁንም «ተጠቃሚ» ተብለው የተመዘገቡ ይመስለኛል።

እኚሁ ሰው ጉልበታቸው ውስጥ ፍንጣሪ ስላለ ጎንበስ ብለው ማረም አይችሉም። ከባሕር ዛፍ አጣና እስከ ወገብ የሚደርስ ቆጥ ሠርተው፣ በላስቲክ ለብጠው፣ አፈርና ፍግ ሞልተውበት፣ ቆስጣና ሰላጣቸውን ቆመው ይኮተኩታሉ። ይህን ያስተማራቸው የለም። ያየኋቸው የሥልጠና ሰነዶች ሠልጣኙን ሁሉ ሙሉ ጤና ያለው የሃያ ዓመት ወጣት አድርገው የሚያስቡ ናቸው፤ ጉዳት ለደረሰበት ወታደር የሚሆን መሣሪያና የማሳ አሠራር የሚል የበጀት መስመር አላገኘሁባቸውም።

ወደ መሬቱ ልመለስ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ትናንት ገብስና ጤፍ የነበረው ማሳ ዛሬ ቤት ሆኗል። ስለዚህ እዚህ ዳርቻ ላይ ለሚሠለጥን ሰው ሰፊ ማሳ ይገኛል ብሎ ማቀድ ራስን ማታለል ነው። ነገር ግን ለዶሮ፣ ለንብ፣ ለጥቂት የወተት ላሞችና ለጓሮ አትክልት የሚበቃ ቦታ በየተቋሙ አጥር ግቢ ውስጥ ሣር እያበቀለ ተቀምጧል፤ የሌማት ትሩፋት የሚባለው መርሐ ግብርም የሚያተኩረው በእነዚሁ በወተት፣ በእንቁላል፣ በዶሮና በማር ላይ ነው። ለአምስት ዓመት የመጠቀሚያ ውል ቢሰጥ የባለቤትነት ጥያቄ አያስነሣም። «ባዶ ነው» ተብሎ የአቃቂ ወንዝ ዳር እንዳይሰጣቸው ግን አደራ እላለሁ፤ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ በተቀላቀለበት ውኃ የሚለማ ጎመን ከባድ ብረታ ብረት እንደሚገኝበት በተደጋጋሚ በጥናት ታይቷል።

አሠልጣኝም ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ጥቂት ርቃ የምትገኘው ሆለታ በ1927 ዓ.ም. የገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ ናት፤ የድንች፣ የገብስና የወተት ከብት ምርምር የሚካሄድበት ማዕከልም እዚያው ነው። በሌላው አቅጣጫ ያለችው ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ መናኸሪያ ስትሆን፣ «ቁንጮ» የተባለውን የጤፍ ዝርያ ያወጣው የምርምር ማዕከል የሚገኘውም በእርሷ ነው። በሁለቱም ከተሞች ወታደሩና የግብርና ተመራማሪው ጎረቤታሞች ናቸው። የእርዳታው ገንዘብ ሠልጣኙን ከእነዚህ ማዕከላት በአንዱ ከዘር እስከ አጨዳ ለሚያቆይ ቀለብና ማደሪያ ቢውል፣ ከየትኛውም የሆቴል አዳራሽ የተሻለ ትምህርት ይገኝበታል።

ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት ሌላው ጉዳይ የገንዘቡ መልቀቂያ ጊዜ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን ውልና ግዥ ተጠናቆ ገንዘቡ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ወራት ያልፋሉ፤ በእኛ ደጋ ግን የክረምቱ ድንች የሚተከለው ሰኔ ላይ ነው። በመስከረም የተጀመረ ሥልጠና አዳራሽ ውስጥ ቢቀር አሠልጣኙን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ የሚተከል ነገር የለምና። ረጂ ድርጅቶችም ሆኑ የሚመለከታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለመጪው ክረምት የሚሆነውን ውል እስከ ጥር ቢፈርሙ፣ ዘሩ እስከ ሚያዝያ ሊገዛ፣ መሬቱም በበልጉ ዝናብ ሊታረስ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ
ከቡራዩ