እንጎቻና ውኃ ላቀረባችሁልኝ ሁሉ
የምስጋና መልእክት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ወር፣ አንድ ልጄ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለስ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ጉሙ ከአንድ ክንድ በላይ በማያሳይበት ሰዓት በደረሰ የመኪና አደጋ በ24 ዓመቱ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፉ ይታወሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሐዘኔ ያልተለያችሁኝን ሁሉ በየቤታችሁ ዞሬ ማመስገን ይገባኝ ነበር። ሆኖም ብዛታችሁ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ፣ ከመካከላችሁም እስከ ዛሬ ማንነታቸውን ያላወቅኋቸው ስላሉ፣ ምስጋናዬን በዚህ መልእክት አቀርባለሁ።

በቅድሚያ የማመሰግነው በዚያ ዝናብ ወደ ገደሉ ወርዳችሁ ልጄን ያወጣችሁትን የደብረ ሲና አካባቢ ነዋሪዎች ነው። ከእናንተ አንዱ፣ የሐምሌ ብርድ እየገረፋቸው፣ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ልጄን አለበሱት። አስከሬኑ ደጄ የደረሰው በዚያ ጋቢ ተጠቅልሎ ነበር። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ አንደኛው ጥጉ በእሳት ፍንጣሪ የተበሳ ጋቢ ነው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ድንኳን የተከላችሁልኝ፣ ንፍሮ የቀቀላችሁ፣ ሌሊቱን ከእኔ ጋር መሬት ላይ ያደራችሁ የዕድርና የማኅበር እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ፍትሐቱንና የአርባውን ጸሎት ያደረሳችሁ ካህናት አባቶቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ይህን መልእክት እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን በይበልጥ ከአርባው በኋላ የሆነው ነው። ድንኳኑ ከተነሣና ሰው ሁሉ ወደየኑሮው ከተመለሰ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ውርጩ የጓሮዬን ጎመን ሲያጠወልገው፣ እኔም ከመኝታዬ መነሣት አቃተኝ። ምግብ ከአፌ አይገባም፤ እንቅልፍ የለም፤ መዝሙረ ዳዊቴን እገልጥና ፊደሉን እያየሁ ቃሉ አልነበብ ይለኛል። በየሌሊቱ እግዚአብሔርን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳያነጋኝ። ከተማችን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በሰማይ ላይ ከታየው ብርሃን እንደሆነ ስንት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ነግሬአለሁ፤ ያኔ ግን ፀሐይዋ በመስኮቴ ስትገባ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። ይህን በአደባባይ የምጽፈው፣ ዛሬም እንደዚያው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው በየቤቱ እንደሚኖር ስለማውቅ ነው።

በዚያን ጊዜ ከአጥሬ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤቴ በየማለዳው በራቸውን ከፍተው ይመጣሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ከነጠላቸው ሥር አንዲት የገብስ እንጎቻ ይዘው ይገባሉ፤ እንፋሎቷ ገና አልበረደም። ከኩበቱ እሳት አያይዘው ውኃ ያሞቁልኛል፤ ፊቴን ያጥቡኛል፤ ከዚያ በበርጩማ ተቀምጠው ጥጣቸውን ይፈትላሉ። አንድም ቀን «በርቺ» ወይም «ይብቃሽ» አላሉኝም። አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ለምን ይለፋሉ? እኔ እንደሆነ የምኖርም አይደለሁ» ብላቸው፣ እንጎቻዋን ቆርሰው፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ይቺን ቅመሺ፤ ሌላውን ኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ። ቀመስሁ። የቀረውን ነገር እስከ ዛሬ አልተነጋገርንበትም።

የንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ አነበቡልኝ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 እንደተጻፈው፣ ያ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ፣ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝትበት ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ፣ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ፣ ነፍሱን እንዲወስዳት እግዚአብሔርን ለመነ። አባታችን እዚህ ላይ ንባባቸውን አቁመው፣ «እግዚአብሔር ተቆጣው? ስለ ምን ተስፋ ትቆርጣለህ ብሎ ገሠጸው?» ብለው ጠየቁኝ። መልአኩ ዳሰሰውና ተነሥተህ ብላ አለው እንጂ አልገሠጸውም። በራሱ አጠገብ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። ኤልያስም በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ፣ የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው። በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ወደ ኮሬብ ደረሰ። የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ከበላ በኋላ ተመልሶ መተኛቱን አባታችን ደጋግመው ነገሩኝ፤ እኔም ከሁሉ በላይ የተጽናናሁት በዚያች ቃል ነበር፤ ምክንያቱም እኔም እበላና ተመልሼ እተኛ ነበርና።

አባታችንን በሌላም ነገር አመሰግናቸዋለሁ። ጠበል ልሂድ ብዬ ስጠይቃቸው ባረኩኝ፤ ሐኪም ቤት መሄድም እንዳለብኝ ግን አጥብቀው ነገሩኝ። ሐኪሙንም ከምድር የሚገኘውን መድኃኒትም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 አሳይተው፣ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት እንደነበር አስታወሱኝ። ስለዚህ የታዘዘልኝን መድኃኒት ሳላቋርጥ፣ በጥር ወር ከማኅበር እህቶቼ ጋር ወደ ጻድቃኔ ማርያም ሄድሁ፤ ተጠመቅሁ፤ እምነቱንም ተቀባሁ። ታሪኬን ሁሉ በትዕግሥት ያዳመጠችኝን፣ ቀጠሮዬን ስቀር ደውላ የፈለገችኝን የአእምሮ ጤና ባለሙያም በዚህ አጋጣሚ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቅር ያለኝን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ለሌላው ሐዘንተኛ ያላዘንኩ ይሆንብኛል። ሊያጽናኑኝ መጥተው፣ «ማልቀስ ከእግዚአብሔር ጋር መጣላት ነው» ያሉኝ ነበሩ። በክፋት እንዳልተናገሩት አውቃለሁ፤ ቃሉ ግን ሐዘኔ ላይ ፍርሃት ጨመረብኝ። ጌታችን አልዓዛርን ከመቃብር እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፍስሷል። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳታዝኑ አለ እንጂ ከቶ አትዘኑ አላለም። እባካችሁ፣ ልጅዋን የቀበረች እናት ስታለቅስ አብራችሁ አልቅሱ።

በትንሣኤ ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄድሁት እትዬ ክንዴን ይዘውኝ ነው። ጧፌን የሚያበራ እጅ አልነበረኝም፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሳቸው የራሳቸውን ጧፍ ዘንበል አድርገው ከእኔው ጋር አገናኙት፤ ሰሙ በጣቶቻቸው ላይ እየተንጠባጠበ እስኪያያዝ ድረስ አልፈቀቁም። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ድምፅ ከሕዝቡ ጋር «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ሲል ሰማሁት። ሐዘኔ ያን ሌሊት አልጠፋም፤ ዛሬም አለ። ልጄን ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የማስበው በገደሉ ውስጥ ሳይሆን ሙታን በሚነሡበት በጌታ እጅ ነው።

ክፍሌን ተከፋፍላችሁ ያስተማራችሁልኝ መምህራን ባልደረቦቼ፣ ስመለስም ምንም እንዳልሆነ ሰው ሳይሆን እንደ ሐዘንተኛ በክብር ተቀብላችሁኛልና እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልኝ። በየወንበራቸው ቆመው ዝም ብለው የተቀበሉኝን ተማሪዎቼንም እግዚአብሔር ያሳድግልኝ።

አሁን ወደ ጋቢው ልመለስ። የእርስዎን ስም ብዙ ሰው ጠይቄ አላገኘሁም። ልጄ በመጨረሻው ሰዓት ብርድ እንዳይመታው ያደረጉለት እርስዎ ነዎት፤ ትንፋሹ ነበረ ወይስ አልነበረም ብዬም መጠየቅ የምፈልገው እርስዎን ነው። ሙት ዓመቱን በዚህ ሐምሌ እናስባለን፤ ይህን መልእክት ያነበበ ወይም የሰማ ሁሉ እንዲነግርዎ አደራ እላለሁ። ጋቢው ታጥቧል፤ የተበሳውንም ጥግ እትዬ በፈተሉት ጥጥ ጠቅመውታል። ታጥፎ በሳጥኔ ውስጥ ይጠብቅዎታል።

የልጁ እናት
ከደብረ ብርሃን