ላስቲክ የለበሰው ፊርማ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ስፖርተኞች የፈረሙባቸውን ብርቅ ካርዶች ስለሚሰበስቡና ስለሚነግዱ ወጣቶች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጉዳዩ በጋዜጣ መነሳቱ ደስ ቢያሰኘኝም፣ ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ስለ ዋጋ ሲያወራ ቆይቶ፣ ፊርማው የማን እጅ እንደሆነ በምን እንደሚለይ አንድ አንቀጽ እንኳ ሳይሰጥ ማለቁ ቅር አሰኝቶኛል። እኔ አዳማ ናዝሬት ትባል በነበረበት ጊዜ የሰውነት ማጎልመሻ ማስተማር የጀመርኩ፣ ዛሬ በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ስፖርተኞች የፈረሙባቸው 31 ፖስት ካርዶችና ፎቶግራፎች በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከዚህ ቆርቆሮ የተማርኩትን ለአንባቢ ላካፍልና አንድ ጥያቄም ላቅርብ ብዬ ነው የምጽፈው።

በጽሑፋችሁ ስለ ሚሊዮን ዶላር ካርዶች የተነሳው ነገር እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ስለ ፊርማ አያስረዳም። እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይታደሉ ከነበሩት ካርዶች አንዱ የሆነው የሆነስ ዋግነር የቤዝቦል ካርድ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር፣ የሚኪ ማንትል የ1952 ካርድ ደግሞ በዚያው ዓመት በ12.6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጡት ተጫዋቾቹ ስለፈረሙባቸው አይደለም፤ በሁለቱም ላይ የተጫዋች ብዕር አላረፈም። የዋግነሩን ውድ ያደረገው የቀሩት ጥቂት መሆናቸው፣ የማንትሉን ደግሞ በንጽሕና መቆየቱ ነው። የፊርማ ካርድ ግን ሌላ ዓለም ነው። ዛሬ ፋብሪካዎቹ የሚያወጡት ፊርማ ያለበት ካርድ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፦ ተጫዋቹ ካርዱን በእጁ ይዞ የፈረመበት አንዱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ኩባንያው ጥቃቅን ስቲከሮች የተደረደሩበትን ወረቀት ለተጫዋቹ ልኮ፣ እሱም ሶፋው ላይ ተቀምጦ ፈርሞ ከመለሰ በኋላ እየተላጠ በካርድ ላይ የሚለጠፈው ነው። በዚህኛው ላይ ፊርማው የእሱ ቢሆንም ካርዱን ግን ጭራሽ ዓይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ሰብሳቢዎች የመጀመሪያውን አስበልጠው መውደዳቸው አያስገርምም። ከሁለቱም የከፋው ደግሞ ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ ፊርማ ሲሆን፣ በማጉያ መነጽር ሲታይ መስመሩ ከነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ስለሚገኝ መለየቱ አያስቸግርም፤ ልጆች ከማስቲካ ጋር ሲያገኙት በደስታ የሚጮሁበት ፊርማ ብዙ ጊዜ ይሄኛው ነው።

የማረጋገጫ ወረቀት አለው የሚባለውም ቢሆን ልብን ማሳረፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኦፕሬሽን ቡልፔን ብሎ በጠራው ምርመራ በካሊፎርኒያ የደረሰበት ቡድን፣ የታዋቂ ስፖርተኞችን ፊርማ ብቻ ሳይሆን ለፊርማው እውነተኛነት የሚመሰክረውን ወረቀትም ጭምር ያመርት ነበር። ፊርማውን አስመስሎ የሠራ ሰው ወረቀቱን መሥራት እንዴት ያቅተዋል?

ወደ እኛው አገር ልመለስ። በ1986 ዓ.ም. ከአሰላ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ አዳማ ላይ ለምሳ የወረደ አንድ የአርሲ ሯጭ አገኘሁ። ዛሬም በሕይወት ያለ ሰው ስለሆነ ስሙን ለደብዳቤዬ ማድመቂያ አላደርገውም። የያዝኩት የራሱን ፎቶ የያዘ ፖስት ካርድ ነበር። እስክሪብቶዬ ቢክ ነበርና በሚያብረቀርቀው ፊት ላይ ቀለም እምቢ አለ። ሁለት ጊዜ ጫን አድርጎ ሞክሮ ሲያቅተው ሳቀ፤ ካርዱን ገልብጦ በጀርባው ላይ ፈረመልኝ። በፊት ለፊቱ ላይ ቀለም ያልወጣበት ጭረት ቀረ። ካርዱን ወደ መስኮት አዘንብላችሁ ካያችሁት፣ ከትከሻው በላይ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በወረቀቱ ላይ እንደ ጠባሳ ተቀርጾ ይታይ ነበር። ለእኔ ከጀርባው ፊርማ ይልቅ ያ ጭረት ይበልጥብኝ ነበር፤ ማንም አስመሳይ የማይሠራው፣ ሊሠራውም የማያስበው ነገር ነውና።

«ነበር» ያልኩት በምክንያት ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ጥግ ጥጉ መቆልመም ሲጀምር ለጥንቃቄ ብዬ ለአንድ ፎቶ ኮፒና ላሚኔት ቤት ሰጠሁት። ልጁ ምንም ሳይጠይቀኝ ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ እየሞቀ አወጣልኝ፤ ሒሳቡን ከፍዬ አመስግኜ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ወደ መስኮት ሳዘነብለው ጭረቱ የለም፤ ሙጫው ሞልቶት ተደፍኗል። ከሁለት ክረምት በኋላ ደግሞ የጀርባው ቀለም በላስቲኩ ውስጥ እየተንሸራተተ በፊርማው ዙሪያ ሐምራዊ ጉም ሠራ። ላስቲኩን ልላጠው ብል ወረቀቱ አብሮ ይላጣል። እኛ ከቀበሌ መታወቂያ እስከ ዲፕሎማ ዋጋ አለው የምንለውን ሁሉ ላሚኔት የማድረግ ልማድ አለን፤ ፊርማ ላለበት ካርድ ግን ይህ መግደል ነው። የማይከረፋ ጠንካራ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ሳይጣበቅ ማስገባት፣ በግድግዳ ላይ ለአዳማ ፀሐይ አለማስጣት፣ ከዚህ በላይ ወጪ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ሐሰተኛው ልምጣ፤ ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የአበበ ቢቂላን የሮም ፎቶ፣ ያንን በባዶ እግሩ የሚሮጥበትን፣ በፖስታ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። በሥሩ በደማቅ ሰማያዊ ቀለም የአማርኛ ፊርማና «ኅዳር 12 ቀን 1966 ዓ.ም.» የሚል ቀን ሰፍሮበታል። የሁለት ወር ደመወዙን ከፍሎበታል። «ጋሼ፣ እስቲ እዩልኝና ስንት ያወጣል ይበሉኝ» አለኝ። ምን ብዬ እንደምነግረው ጨንቆኝ መጀመሪያ ቡና እንዲፈላ አዘዝኩ። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ አሸንፎ፣ በኋላም በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆነው፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው ያረፈው። ይህ ፎቶ «ሲፈረም» ካረፈ 27 ቀን አልፎታል። አስመሳዩ 1973 የሚለውን የሞት ዓመት ከባዕድ ጽሑፍ አንብቦ፣ ወሩን ሳይጠይቅ ወደ እኛ አቆጣጠር ያዞረው ይመስለኛል፤ ዘመን አቆጣጠራችን ለአንድ ጊዜም ቢሆን አጭበርባሪ አሳሳተልን።

ቀኑ ባይኖርስ ኖሮ? ቀለሙ ራሱ ያጋልጠው ነበር። በማጉያ መነጽር ሳየው በወረቀቱ ላይ ወፈር ብሎ፣ ሳይቆራረጥ፣ ጉድጓድ ሳይሠራ የተኛ የጄል እስክሪብቶ ቀለም ነው። የጄል እስክሪብቶ በጃፓን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ አበበ ካረፈ ከአሥር ዓመት በላይ በኋላ መሆኑ ነው። የዚያ ዘመን ቢክ ወረቀቱን ይጭራል፤ በመታጠፊያው ላይ ነጭ ክፍተት ይተዋል። ሌላም ዘዴ አላቸው፤ እውነተኛውን ፊርማ መስኮት ላይ አስደግፈው ይገለብጡታል። ስለዚህ ሁለት ፊርማዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ፍጹም ከገጠሙ፣ መደሰት ሳይሆን መጠርጠር ነው የሚገባው፤ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይፈርምም። ባንክ ሄዶ «ፊርማዎ አልገጠመም» ተብሎ የተመለሰ ጡረተኛ ሁሉ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል።

ተማሪዬ ግን አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «እውነተኛውስ የት ሄጄ ላስተያየው?» መልስ አጣሁ። ጥያቄዬም ከዚህ ይነሳል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ቡድን ተጫዋቾች በአንድ ላይ የፈረሙበት ፎቶ ቢገኝ፣ በእኔ ግምት ለዚህ አገር ከማንትል ካርድ ይበልጣል። ነገር ግን መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም.፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ2015 ዓ.ም. አልፈዋል፤ ከሯጮቹም ማሞ ወልዴ በ1994፣ ምሩፅ ይፍጠር በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል። «ይህ የእኔ እጅ ነው» የሚል ባለቤት ከሄደ በኋላ ክርክሩ በገበያተኛ እጅ ይወድቃል። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ግን አሉን፤ አብዛኞቹም በዚሁ በአዳማ በኩል አልፈው የሄዱ የአርሲ ልጆች ናቸው። የአትሌቲክስና የእግር ኳስ ፌዴሬሽኖች ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆነው፣ ፈቃደኛ ከሆነ እያንዳንዱ ስፖርተኛ ቀን የተጻፈበት አምስት ስድስት የማስታወሻ ፊርማ ናሙና ተቀብለው ቢያስቀምጡ፣ ያረፉትንም ቤተሰቦቻቸው ከያዙት ደብዳቤና ሰነድ በፎቶ ቢሰበስቡ፣ ወጪው የአንድ ጠረጴዛና የአንድ ሠራተኛ ነው።

ይህን ሐሳብ ለአንድ ወዳጄ ባነሳለት «ለሌባ ናሙና ማቅረብ ነው» ብሎ ተቃወመኝ። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም፤ በተለይ ስፖርተኞቻችን ብዙ ጊዜ ለአድናቂ የሚፈርሙት ቼክ ላይ የሚፈርሙትን ያንኑ ፊርማ ስለሆነ ያሠጋል። ስለዚህ ሁለቱ ይለዩ፤ ለአድናቂ ስምን በአማርኛ ዘርዘር አድርጎ መጻፍ ይበቃል፣ ለሰብሳቢም ከጭረት ይልቅ የሚነበብ ስም ይሻለዋል። ናሙናው በአዳራሽ ውስጥ በሠራተኛ ፊት ብቻ የሚታይ ከሆነ ደግሞ፣ ዛሬ በየስልኩ ከሚዞረው የፊርማ ፎቶ የባሰ አደጋ አያመጣም።

ሰብሳቢዎችም የበኩላችን አለብን። በእኛ ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በኦቶግራፍ ደብተሩ ላይ ጓደኛው ሲጽፍለት ቀኑን፣ ቦታውንና ስሙን ሳያስቀምጥ አያልፍም ነበር። በዛሬ ገበያ የሚሸጠው ካርድ ግን የት፣ መቼ፣ በማን ፊት እንደተፈረመ የሚናገር አንድ መስመር የለውም። ካርዱ ላይ ሳይሆን በተለየ ወረቀት፣ በዚያው ቀን፣ በራስ እጅ መጻፍ ይገባል። እኔ ራሴ ከ31ዱ ይህን ያደረግሁት ለ19ኙ ብቻ ነው፤ የቀሩትን አሥራ ሁለቱን ብሸጣቸው ገዢው የሚይዘው የእኔን ቃል ብቻ ነው፣ ስለዚህ አልሸጣቸውም።

ናሙና የሚሰበስብ አካል ከተገኘ 31ዱንም ፎቶ እንዲያነሳቸው ወይም ስካን እንዲያደርጋቸው ይዤ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ፤ ላስቲክ የለበሰውንም ጨምሬ። ተማሪዬ የአበበን ፎቶ ለሻጩ ሊመልስ ሄዶ ሱቁን ተዘግቶ አግኝቶታል።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ከአዳማ