ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፦ በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?

ይድረስ ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፤ ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ላይ የሕንጻ መሣሪያ እሸጣለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ ዋጋ ግሽበቱ ቁጥር ነው። ሆን ብላችሁ ታሳንሱታላችሁ አላልኩም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ዋጋውን የሚነግራችሁ ማን ነው? እውነቱንስ ለምን ብሎ ይነግራችኋል?

እዚህ አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። ደንበኛ ገና ሲጠይቅ "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ይባላል። ልዩነቱ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያለ ደረሰኝ የተሸጠው ከነትርፉ ከመዝገብ ይጠፋል። ቸርቻሪው ሕጋዊ ልሁን ቢል እንኳ፣ ጅምላ ሻጩ ያለ ደረሰኝ ከሸጠለት የወጪ ማስረጃ ከየት ያመጣል? ደረሰኝ ተቆርጦም ከተከፈለው ያነሰ የሚጻፍበት አለ። መረጃ ሰብሳቢያችሁ ታዲያ የቱን ዋጋ ይዞ ይሄዳል? እኔ ብሆን ግራ ይገባኝ ነበር።

ሰው ለምን እንደሚደብቅ አይጠፋችሁም። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲመጣ ነጋዴው እንዴት እንደተንጫጫ አይታችኋል። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ይዞ የመጣ ሁሉ ግብር ተማኝ ይመስለናል። የግለሰብ መልስ በምስጢር እንዲያዝ ሕጋችሁ ያዛል። ግን ሱቃችን ድረስ መጥቶ ይህን ማን ነገረን? ጠያቂው ከቀበሌ ሰው ጋር ከመጣማ (ለማስተዋወቅ ነው፣ ይገባኛል) አለቀ፣ ሁሉም ገበያ የለም ይላል።

የባቲን የሰኞ ገበያ እዩት። ግመሉም ፍየሉም በጥሬ ብር ይሸጣል፣ ደላላው ድርሻውን ያነሳል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ኑሮ ነው።

ልጆቻችን ከሳውዲ የሚልኩትም አለ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት፣ ጥቁር ገበያው ከባንኩ እጥፍ ገደማ ይከፍል ነበር። እናት ወዴት እንደምትሄድ ግልጽ ነው። በዚያ ብር ቤት ተሠርቷል፣ ሱቅ ተከፍቷል። ስለ ገቢ ስትጠየቅ ግን "ምን አለን ብላችሁ" ትላለች። ጎረቤቷ፣ የሚልክለት የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ እውነቱን ይናገራል። ጥናታችሁ ላይ ሁለቱ እኩል ድሆች ናቸው። እርዳታ ሲደለደል የሚጎዳው እሱ ነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። የዋጋ ቁጥር ስታወጡ በደረሰኝ የተሸጠበትን ይሁን ያለ ደረሰኝ ንገሩን። ጠያቂውን ብቻውን ላኩት። ከመምጣቱ በፊት መልሳችን ገቢዎች ቢሮ እንደማይደርስ በሬዲዮ አስነግሩ።

ደግሞ ሕዝብ የተቆጠረው በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ ስንቱ አረብ አገር ሄዷል፣ የ2014ቱ ጦርነት ስንቱን አፈናቅሏል። የነፍስ ወከፍ ገቢያችሁ ይህን ያህል ደረሰ ስንባል፣ የተካፈለበት የሕዝብ ብዛት ግምት መሆኑ እዚያው ቁጥሩ ጎን ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ነጋዴ